ከመስመር የወጣች ነጥብ

የእኔ ክንፍ አይበርም። በብረት ዘንግ ታስሮ ይቆማል ባለበት፤
ርዝመቱ ክንዴን አያህል፣ ስስነቱ እንደ ቢላ ስለት፤
እሱ ወደ ሰማይ አይሄድም፣ ሰማዩ ነው የሚመጣለት።

ከሳቮይ ተራሮች ትከሻ፣ ግድቡ ሲከፈት በሌት፣
ትናንት በረዶ የነበረ ውሃ ይወርዳል በቧንቧ አንገት፤
ውሃው መዘውር ይመታል፤ መዘውሩ ነፋስ ይወልዳል፤
ነፋሱ በዋሻው አፍ ገብቶ ከድምፅ እኩል ይሮጣል፣
ትንሽ ቆይቶም ይቀድማል።

ቫልቩን የሚከፍተው ሌዮንስ ነው። ጡረታው ሁለት ዓመት የቀረው፣
ጢሙ በማሽን ዘይት የወዛ፣ ከሒሳብ ጋር የተኳረፈ ሰው።
አንድ ሌሊት ግፊቱ እስኪሞላ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣
«ላ ኮምባ ይባል ነበር» አለኝ፣ «መስካችን፣ በሐይቁ ሳይደበቅ።
ከውሃው ሥር ነው አሁን። እዚያ ድርቆሽ ያጭድ ነበር አባቴ።
ይኼ የምታጠኚው ነፋስ እንግዲህ…»
አልጨረሰውም። መርፌው ከፍ አለ፤ ተነሣ፤ ተነሣሁ ከመቀመጫዬ።

ክንፉን ወደ ኋላ አዘነበልኩት፣ ሠላሳ ዲግሪ፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት፣
ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ አየር እንዴት እንደሚከመር ለማየት።
በመስታወቱ መስኮት፣ በመብራቱ ፊት፣ ጥላ ሆኖ ይታያል፦
አየር ሲጨነቅ ይሸበሸባል።
እንደ ሐር ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር በክንፉ ጀርባ ላይ ይቆማል፣
ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣
መቀመጫ ያላሳዩት እንግዳ ይመስላል።

አርባ ነጥቦች በተራ በቀመሬ መንገድ ሲሄዱ፣
አንዲት ግን ብቻዋን ቆመች፣ ከፍ ብላ ከመንገዱ።
ፕሮፌሰር ቴሲዬ ከቱሉዝ በስልክ ሳቁ፦ «የመሣሪያ ስህተት ናት።
ላጲስ የለሽም ወይ፣ አርማንድ? ለአንዲት ነጥብ እንቅልፍ ማጣት!»

አልዋሽም፤ ላጲሱን አነሣሁ። እጄ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ነበር።
ያምር ነበር ቀመሩ፣ እሷ ባትኖር።

«ድገሚዋ» አለ ሌዮንስ፣ ዳቦውን በጉልበቱ ላይ እየቆረሰ።
«ጥር ነው፤ ወንዙ ደርቋል፤ ሐይቁም ወገቡ ድረስ አነሰ።
አንድ ሙከራ ይወጣዋል፤ ከዚያ በረዶ እስኪቀልጥ የለም።»
ሌላ ቃል አልተናገረም።

የአባቱን መስክ ውሃ ለቀቀልኝ።
ዋሻው አጓራ፤ ወለሉ ጥርሴን አፋጨብኝ።
አርባ ሰከንድ፣ ቢበዛ አርባ አምስት፦
ክንፌ ተርገበገበ፤ የሐሩ ክር ሸሸ፣ መለስ አለ፤
መርፌው ወጣ፤ ቆመ።
ነጥቧ እዚያው ነበረች። ያችው።
በፀጉር ስፋት እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

የተሳሳተው ቀመሬ ነበር፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት።
ሌዮንስ ቫልቩን ዘጋና «እንግዲህ አታጥፊያት»
ብሎኝ ሄደ ወደ ቤት።

አፍርሼ እስክገነባው አራት ዓመት ፈጀብኝ።
ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ፣ አንዱን ቅጂ በፖስታ ላክሁለት፤
በማግስቱ ይደርሰው መሰለኝ።

ከድምፅ የፈጠነ ነገር ሲመጣ አይሰማም፤
ነጎድጓዱ የሚደርሰው እሱ ካለፈ በኋላ ነው።
ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በጠመኔ እጽፍላቸዋለሁ፤
የገባኝ ግን የኢሬን ደብዳቤ የመጣ ቀን ነው።

«አባቴ በኅዳር ዐረፈ» ትላለች ልጁ። «መጽሐፍሽ ዘግይቶ ደረሰን።
ማንበብ አልቻልንም፤ ቁጥር ብቻ ሆነብን።
አንድ ሥዕል ላይ ግን፣ ከአንዲት ነጥብ አጠገብ፣
በትንንሽ ፊደል ‹ላ ኮምባ› የሚል አየን።
እናቴ መነጽሯን አደረገች፤
በጣቷ ጫፍ ነካቻት፤
ከሥር ያለውን መስመር ተከትላ ሄዳ ተመለሰችና
‹ከፍ ያለች ናት› አለች፣
‹እዚያ ድረስ ሐይቁ አይደርስም።›»